በአፍ የማይነበብ ስም

ሐኪሙ የጠየቃት ቀላል ጥያቄ ነበር። «ክንድሽ ላይ የተነቀስሽው ምን ይላል?»

ቲኬሽዋሪም ሳታቅማማ «ቦጅሊ» አለችው።

ሩጫውንም የጽሑፍ ፈተናውንም አልፋ፣ ፖሊስ ለመሆን የቀራት ይህ የጤና ምርመራ ብቻ ነበር። ሐኪሙ መነጽሩን አስተካክሎ የደበዘዙትን ፊደሎች አያቸው። በየትም በኩል ቢያገላብጣቸው ቦጅሊ አይሉም። ደንቡ የሰው ስም መነቀስን ይፈቅዳል፤ ምንነቱ ያልታወቀ ንቅሳት ግን ይጥላል። «ዋሽታለች፤ ብቁ አይደለችም» ብሎ ጻፈባትና ተረኛዋን ጠራ። ከዴልሂ የመጣ ሰው ምን ያውቃል!

ቦጅሊ በቻቲስጋር ግዛት መንደሮች በክረምት ጨለማ ጓዳ ውስጥ የሚበቅል የስንዴ ቡቃያ ነው። ሁለት ልጃገረዶች ኩሬ ዳር ቆመው ቡቃያውን አንዷ በሌላዋ ጆሮ ላይ ከሰካች ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እስከ ሞት «ቦጅሊ» ይባባላሉ እንጂ ስም አይጠራሩም። ስም የጠራች ዕለት ጓደኝነቱ አበቃ። ቲኬሽዋሪና ቦጅሊዋም ልጆች ሳሉ ገበያ ወርደው፣ አፋቸው የማይጠራውን ስም ክንዳቸው ላይ አስነቀሱት። የልጅ ብልጠት! ካቻምና ግን ቤተሰቦቻቸው በእርሻ ድንበር ተጣሉና ሁለቱም ተኳረፉ።

ቲኬሽዋሪ የሐኪሙን ውሳኔ ተቃውማ ከሰሰች። ጠበቃዋ ሚሽራ የቢላስፑር ከተማ ልጅ ነው፤ ነገሩ ቢያስገርመውም አልዋጥልህ አለው።

«ስሙን በይውና እንገላገል እንጂ፣ እህቴ!»

«አልችልም።»

«ምላስሽ ይቆረጣል?»

«ጓደኝነቴ ይቆረጣል።»

«ተኳርፈናል አላልሽም እንዴ?»

«ብንኳረፍስ?»

ሚሽራ ራሱን አከከ። ከዚያ ለእሷ ሳይነግር ወደ ቦጅሊዋ መንደር ሰው ላከ።

በችሎቱ ቀን ዳኛዋ የቲኬሽዋሪን ክንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ተመለከቱ።

«ምን ይላል?»

«ቦጅሊ፣ ክብርት ዳኛ።»

የመንግሥት ጠበቃ ብድግ አለ። «ይኸው፣ ፍርድ ቤት ቆማም ትዋሻለች!»

«አትዋሽም!» አለች ከኋላ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት። ቲኬሽዋሪ ድምፁን አወቀችው፤ ዞራ ግን አላየቻትም።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አሉ ዳኛዋ።

«ቦጅሊ ነኝ።»

ችሎቱ በሳቅ ሞላ። ዳኛዋ ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም ነገሩ አጓጓቸው። «መታወቂያሽ ላይ ያለውን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ፉልባሳን።»

ዳኛዋ ወደ ደበዘዙት ፊደሎች ተመለሱ። መነሻው ይመስላል፣ መጨረሻውም ይመስላል።

«መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም» አለ የመንግሥት ጠበቃ።

«ያንቺን ክንድ አሳዪኝ» አሉ ዳኛዋ ፉልባሳንን። እጅጌዋን ሰበሰበች። እሷ ላይ ንቅሳቱ አልደበዘዘም፤ «ቲኬሽዋሪ» ይላል፣ ጥርት ብሎ። «በይ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አሏት ዳኛዋ።

ቲኬሽዋሪ ነገሩ ገባት። ከተነበበ ክርክሩ ያልቃል፣ ሥራው የእሷ ነው። በየሌሊቱ የምታልመው ሥራ። ግን ከካቻምና ጀምሮ ሰላም እንኳ ያላለቻት ሴት ዛሬ በሰው ፊት ስሟን ብትጠራው ማን ይፈርድባታል? «አታንብቢ» አለች በሆዷ፤ «ሥራው ይቅርብኝ፣ ብቻ አታንብቢ።»

ፉልባሳን ክንዷን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ዳኛዋን ፊት ለፊት እያየች፣

«ቦጅሊ ይላል» አለች።

ዳኛዋ በዓይናቸው ሌላ እያነበቡ በጆሯቸው ሌላ ሰሙ። ብዕራቸውን አነሱ።

«አንዷ የሌላዋን ስም ተነቅሳ፣ ሁለቱም ቦጅሊ ብለው ነው የሚያነቡት። ይህ ውሸት አይደለም፣ የሰው ስም ነው። ሐኪሙ የወሰነው ተሽሯል፤ ልጅቱ ትቀጠር።»

ሚሽራ ትከሻዋን እየነቀነቀ «አሸነፍን እኮ! አልሰማሽም?» ይላታል። አልሰማችም። ቲኬሽዋሪ ከዳኛዋ ንግግር በፊት፣ «ቦጅሊ ይላል» የሚለውን ስትሰማ ነበር ማልቀስ የጀመረችው።