ሁለቱ ሙናዊሮች

ናኢማ ጠይብ ያንን የተበዳሪዎች ሠንጠረዥ ሠርታ ለመጨረስ ሰባት ወር ፈጅቶባታል። የምትሠራው ለመርካቶ ነጋዴ በሚያበድር አንድ አነስተኛ ተቋም ውስጥ ነው፤ ቢሮው ዱባይ ተራ ውስጥ ከሚገኝ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አበዳሪዎች ሁሉ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚልኩት ሪፖርት አንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲኖረው ሲታዘዝ ሥራው እሷ ላይ ወደቀ። ቀድሞ አንዱ ቅርንጫፍ “ዘግይቷል” ያለውን ብድር ሌላው “በክትትል ላይ” ይለው ነበር። ከእንግዲህ ግን ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙም አንድ ሆነ። ከዘጠና ቀን በላይ ሳይከፈል የቆየ ብድር “የተበላሸ” ይባላል። ለአንድ ተበዳሪ የሚሰጠውም አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከብድሮቹ አንዱ ከተበላሸ የቀሩትም አብረው ይበላሻሉ።

ናኢማን ያስቸገራት አንድን ሰው አንድ ማድረጉ ነበር። የድሮዎቹ ፋይሎች በእጅ የተጻፉ ናቸው። አንዱ ጸሐፊ “ሀያቱ”ን በሃሌታው ሀ ይጽፋል፣ ሌላው በሐመሩ ሐ። አንዱ “ኢስሀቅ” ሲል ሌላው “ይስሐቅ” ይላል። ኮምፒውተሩ አንዱን ነጋዴ ሦስት ጊዜ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ናኢማ ደንብ አወጣች፤ ድምፃቸው አንድ ወይም ተቀራራቢ የሆኑ ፊደላት እንደ አንድ ይታያሉ፣ ስሙ እስከ አያት ከገጠመና ክፍለ ከተማው አንድ ከሆነ ሰውየውም አንድ ነው። የድሮው ቅጽ የእናት ስምም ይጠይቅ ነበር። አዲሱ ሪፖርት ግን ለእናት ስም ዓምድ የለውም፤ ከፋይሎቹ ግማሹ ላይም አልተሞላም። ትንሽ አመነታችና ተወችው።

የመጀመሪያው ሪፖርት በጥቅምት ሄደ። የተቆጣጣሪውን ማጣሪያዎች ሁሉ ያለ አንድ ስህተት አለፈ። የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሙሉመቤት ኬክ አስገዝታ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ናኢማን አመሰገነቻት።

በኅዳር አጋማሽ አንድ ሽማግሌ ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው መጡ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር። የኮታቸው እጅጌ ላይ የበርበሬ ብናኝ ነበረበትና በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ አስነጠሰው። ሙናዊር ኢስሀቅ እባላለሁ አሉ፤ በርበሬ በረንዳ ነጋዴ ናቸው። በእጃቸው የታጠፈ ደብዳቤ ይዘዋል።

“ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ብድር አልከፈልክምና አዲስ አይሰጥህም ይላል። አሥራ አራት ዓመት ስበደር አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም። ቅርንጫፍ ሄጄ የብድር ሠራተኛውን ጀዋርን ብጠይቀው ‘ሲስተሙ ነው’ አለኝ። ሲስተሙ የት ነው ብል ወደ አንቺ ላኩኝ።”

ናኢማ ወንበር ሰጥታቸው ስማቸውን ፈለገች። በአንድ ቁጥር ሥር ሁለት ብድር ተደርድሯል። አንዱ የበርበሬ ነው፤ በጊዜው ተከፍሏል። ሁለተኛው ለጭድ ተራ ሱቅ የተሰጠ ነው፤ ሁለት መቶ አሥር ቀን አልፎታል።

“ጋሼ፣ ጭድ ተራ ሱቅ ነበረዎት እንዴ?”

“በዚያ ሳልፍ አውቀዋለሁ እንጂ።”

የድሮዎቹን ቅጾች ቅጂ ከፈተች። ሁለቱም ሙናዊር ናቸው። ሁለቱም አባታቸው ኢስሀቅ፣ አያታቸው ሀያቱ፤ ፊደሉ ብቻ ነው የሚለየው።

“እናትዎ ማን ይባላሉ?”

“ፋጢማ። አላህ ይዘንላት። ምነው ጠየቅሽኝ?”

ሁለተኛው ቅጽ ላይ ያለው የእናት ስም ዱንያ ነበር። ናኢማ ሁለቱን ሰዎች ደንቧ አንድ እንዳደረጋቸው ገባት። እኔ ነኝ ያጣበቅኋችሁ ለማለት አሰበችና ቅጹን ዘጋችው።

“የመረጃ ስህተት ሳይሆን አይቀርም” አለች። “ይስተካከላል።”

“መቼ?”

“በቅርቡ።”

“ከሀላባ በርበሬው የሚገባው አሁን ነው። ታኅሣሥ ካለፈ ዋጋው አይቀመስም” አሉ። ደብዳቤያቸውን አጥፈው፣ አመስግነው ወረዱ።

ናኢማ በቀጥታ ሙሉመቤት ቢሮ ገባች። ሙሉመቤት እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማቻት።

“ሪፖርቱ ተፈርሞ ሄዷል” አለቻት። “አርመን እንላክ ካልን ሥራ አስኪያጁ እንደገና መፈረም አለበት። መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ደግሞ ሌላ ስንት ስህተት አለ ብሎ ነው። ስንት አለ?”

ናኢማ አላወቀችም።

“እሱን አጣርተሽ ነይ። አንዱን ዛሬ አርሜ በሳምንቱ ሌላ ይዤ ልገባ አልችልም።”

ደንቡ ያጣበቃቸው ሦስት መቶ አርባ ስድስት ነበሩ። ናኢማ የወረቀት ፋይሎቹን ከመጋዘን እያስመጣች አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። አቧራው ጉሮሮዋን ዘጋው። ብዙዎቹ በእርግጥም አንድ ሰው ነበሩ፤ ደንቡ ለእነሱ ልክ ሠርቷል። ጀዋር የጋሼ ሙናዊርን መዝገብ በእጅ ላስተካክል ብሎ ጠየቀ። ሲስተሙና ሪፖርቱ እንዳይለያዩ ተብሎ ተከለከለ። ጋሼ ሙናዊር በታኅሣሥ ሁለት ጊዜ ደወሉ። “እየተሠራ ነው ጋሼ” አለቻቸው ሁለቱንም ጊዜ።

ቆጠራው ሲያልቅ የተሳሳቱት አሥራ አንድ ሆኑ። ደብዳቤው ተፈረመ፣ ማረሚያው ተላከ፣ በየካቲት መጀመሪያ ተቀባይነት አገኘ። ናኢማ የብድር ፈቃዱን በፖስታ አድርጋ ራሷ በርበሬ በረንዳ ወረደች።

ጋሼ ሙናዊርን በራሳቸው ቦታ አገኘቻቸው። ቦታው ግን የእሳቸው አልነበረም። ሶሊ የምትባል ወጣት ነጋዴ በጥር ተረክባዋለች፤ ሽማግሌው ሚዛን ይይዙላታል። አንድ ጆንያ በርበሬ መዝነው እስኪጨርሱ ናኢማ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ፖስታውን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት።

“ጋሼ፣ ስህተቱ የእኔ ነው” አለች። “ስማችሁ አንድ ስለሆነ ሁለታችሁን አንድ ሰው ያደረግኋችሁ እኔ ነኝ። በኅዳር እዚያ ቁጭ ብለው ሳሉ አውቄያለሁ።”

ጋሼ ሙናዊር ወረቀቱን ወደ ፖስታው መለሱት። አንዲት ሴት መጥታ ሁለት ኪሎ አስመዘነች። ሸኝተዋት ተመለሱ።

“ያኛው ሙናዊር በሕይወት አለ?”

“አናውቅም። ስልኩ አይሠራም። ሱቁም ፈርሷል።”

“እንግዲህ እሱንም የሚፈልገው የለም” አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ቀጠሉ። “በኅዳር ብትነግሪኝ ከአማቼ እበደር ነበር። እሱም ይሰጠኝ ነበር። በቅርቡ ስላልሽኝ አንቺን ጠበቅኩ።”

ናኢማን አስነጠሳት።

“አትቁሚ፣ ጭሱ ይጎዳሻል” አሏት፤ ከወፍጮ ቤቱ የሚወጣውን የበርበሬ ብናኝ ማለታቸው ነበር። ፖስታውን መልሰው በእጇ አስያዟት። “አሁን በርበሬው በሌላ ሰው እጅ ነው። ገንዘቡን ወስጄ ምን እገዛበታለሁ?”

ከፋሲካ በኋላ ልጃቸው ሀስና መጥታ ወደ ስልጤ ይዛቸው ሄደች። ናኢማ ይህን የሰማችው ከጀዋር ነው።

የቀሩትን አሥር ሰዎች ናኢማ በምሳ ሰዓቷ እየዞረች ፈለገች። ሙሉመቤት አላዘዘቻትም፤ አልከለከለቻትምም። ሰባቱን አገኘቻቸው። አንዱ ሰደባት። አንዷ፣ ሱሀይር የምትባል የጨርቅ ነጋዴ፣ ነገሩ ሳይገባት መረቀቻት፤ ናኢማ ግን ቆይታ ደግማ አስረዳቻት፤ ሱሀይርም ምርቃቷን አቋርጣ ጨርቋን ማጣጠፍ ጀመረች። ሦስቱ ያሉበት አልታወቀም። በሚያዝያ ቀጣዩ ሪፖርት ተላከ። እሱም እንደ ተሳሳተው የመጀመሪያው ሪፖርት ማጣሪያዎቹን ሁሉ አለፈ፤ ናኢማም ውጤቱን አይታ ኮምፒውተሯን ዘጋችና ኮቷን ይዛ ወረደች።