አማትና ምራት በአንዲት ጀልባ

ሐይቅ ዳር ሄደን ንጹሕ አየር እንቀበል ያለው ልጅየው ነበር፤ የቀረውም እሱው ሆነ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሻንጣ ተሸክመው ደጅ እንደወጡ ስልኩ ጠራ፤ ሆስፒታሉ መብራት ጠፍቶበት መጠባበቂያው ጄኔሬተርም አልነሣ ብሏል። እናቱንና ሚስቱን አውቶቡስ ላይ አሳፈረና «ነገ እደርስባችኋለሁ፤ እስከዚያ ተጫወቱ» ብሎ ወደ ሥራው ሮጠ።

«ተጫወቱ ይለኛል እኮ» አለች እናቲቱ በሆዷ። «ከማን ጋር?»

ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። በዚያን ጊዜ ሰው ሌላ ከተማ ያለ ዘመዱን ማነጋገር ሲፈልግ መስመሩን ሰክታ የምታገናኘው እሷ ስለነበረች፣ ሰፈርተኛው እስከ ዛሬ እትዬ ማዕከል ነው የሚላት። ጆሮዋ የታወቀ ነው። «ሃሎ» ከሚለው ቃል ብቻ ደዋዩ ጉንፋን እንደያዘው፣ ከሰው እንደተጣላ ወይም የምሥራች ሊናገር እንደቸኮለ ትለይ ነበር። አፏም ከጆሮዋ አያንስም። ወሬ ስትጀምር ከሥር ከመሠረቱ ነው፤ የሰውየውን አያት ሳታስተዋውቅ ወደ ሰውየው አትደርስም።

ምራቷ የሰው ሠራሽ ጥርስ ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ ጠባብ ክፍል ውስጥ በሰም ስትቀርጽ፣ ጀሶ ስታቦካ፣ በምታፏጭ ማሽን ስትሞርድ ትውላለች። ቤት ስትገባ ንግግር አታበዛም። አማቷ የጀመረችላትን ታሪክ መሐል ላይ ትታ ሳህን ልታነሣ ትሄዳለች። ስትጠየቅ አንዳንዴ ትመልሳለች፤ አንዳንዴ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ከልጇ ጋር ከተጋቡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ እትዬ ማዕከል ከምራቷ አፍ አንድ ክፉ ቃል ሰምታ አታውቅም። የሚያበግናትም ይኸው ነው።

«ክፉ ብትናገረኝ እኮ እመልስላት ነበር» ትላለች ለእህቷ። «ዝምታን ግን ምን ብዬ ልመልሰው?»

የእንግዳ ማረፊያው ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። መስኮቱ ሲከፈት ሐይቁ እንዳለ ይገባል። ዕቃቸውን አስቀምጠው ውሃ ውሃውን በሚዞረው የእግር መንገድ ወጡ። ምራትየዋ አንገቷ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥላለች። ሐይቁ በስተቀኝ ስለነበረ ዓይኗን ከዚያ አልነቀለችም፤ አማትየዋ በግራዋ እየሄደች የእህቷ ባል ስለገዛው በቅሎ ታወራለች። ወሬው ገና በቅሎው ከመገዛቱ በፊት ነበር።

አንድ ረጅም ሽመላ ጥልቅ ባልሆነው ውሃ ላይ በአንድ እግሩ ቆሟል። ምራትየዋ ቀስ ብላ ቆመች፤ መነጽሯን አነሣች። እትዬ ማዕከል ወሬዋን ስላላቋረጠች ሽመላው አንገቱን ቀጥ አደረገና ክንፉን ዘርግቶ ተነሣ።

«በረረ» አለች ምራትየዋ።

«በቅሎው?»

ምራትየዋ መልስ አልሰጠችም። እትዬ ማዕከል ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ በኋላ እሷም ጨከነችና ዝም አለች። ሁለቱም እንደተኳረፈ ሰው ጎን ለጎን ተጓዙ። የዱር ዳክዬዎች ተደርድረው ሲያርፉ፣ ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደራርበው ፀሐይ ሲሞቁ አዩ፤ ግን «አየሽ» የሚባባል አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ጀልባ የሚያከራየው ሽማግሌ ጋ ደረሱ። ምራትየዋ መቅዘፍ እንደምትችል ነገረችው። ሽማግሌው ክንዷን አየ፤ ከዚያ ሰማዩን አየ።

«ሂዱ፤ ግን ከዳር አትራቁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ከተነሣባችሁ ሸምበቆው ውስጥ ግቡና እስኪበርድ ጠብቁ። ሸምበቆ ሰው አይገለብጥም።»

በጀልባ ላይ ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት ሰጥቶ ስለሚቀመጥ፣ አማትና ምራት ፊት ለፊት ተያዩ። እትዬ ማዕከል ዝምታው አንገፈገፋትና በቅሎውን ቀጠለች። ያን ጊዜ አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። ምራቷ ዓይኗን ከአማቷ ፊት ሳትነቅል ታዳምጣት ጀመር። «ታዲያ ለምን መለሰው?» ብላ ጠየቀች። ሻጩ ሲምል ሳቀች። በቅሎው ድልድይ አልሻገርም ያለበት ጋ ሲደርሱ መቅዘፊያውን አቁማ «በስመ አብ!» አለች እየሳቀች። እትዬ ማዕከል ተደሰተች፤ ተጠራጠረችም። ዛሬ ምን ነካት? የሐይቅ አየር እንዲህ ምላስ ይፈታል?

ወሬው ጣፍጦ ስለነበር የነፋሱን መምጣት ልብ አላሉትም። ውሃው መጀመሪያ ተኮማተረ፤ ከዚያ ጀልባዋን እየገፋ ወሰዳት። ምራትየዋ በሙሉ ጉልበቷ ወደ ዳር ቀዘፈች፤ ጀልባዋ ሸምበቆው ውስጥ ሰተት ብላ ገባችና ጥቅጥቅ ባለው መሐል ተቀረቀረች። ሸምበቆው በላያቸው ይንሿሿል። ዳሩ አይታይም።

የግራው መቅዘፊያ ሥር ለሥር ተጠላልፎ ነበር። እትዬ ማዕከል ጀልባዋ እንዳትናጥ በቂጧ እየተንፏቀቀች ሄዳ ከምራቷ በስተግራ ተቀመጠች።

«ተይው፣ አትሳቢው፤ ይሰበራል» አለቻት።

ምራትየዋ መሳቧን ቀጠለች።

«ተይው አልኩሽ እኮ።»

አሁንም ሳበች። እትዬ ማዕከል ልትቆጣ አፏን ስትከፍት፣ ከግራ በኩል የጀልባ አከራዩ ድምፅ መጣ። «ሴቶች፣ እዚያው ቆዩ፤ ሲበርድ እመጣለሁ» ይላል። ሩቅ ቢሆንም ጥርት ያለ ነበር። ምራትየዋ ቀና አለች፤ ሰማችው። ነገር ግን ዞራ የፈለገችው በቀኝ በኩል ነው። አንገቷን አስግጋ፣ ማንም በሌለበት ሸምበቆ ውስጥ ድምፁን ፈለገች።

እትዬ ማዕከል ቀዘቀዘች። ስልክ ቤት ሳለች አንዲት ባልደረባ ነበረቻት፤ በቀኝ ጆሮዋ ካልሆነ ማዳመጫ አታደርግም፤ ከኋላዋ ሲጠሯት ሁልጊዜ ወደማይሆነው ጎን ትዞራለች። ወደ ምራቷ ግራ ጆሮ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ልጄ» አለች። ምንም። ማዕድ ላይ የራሷ ወንበር የት እንደሆነ ትዝ አላት። በምራቷ ግራ። ሶፋው ላይም እንደዚያው።

ተመልሳ እየተንፏቀቀች ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«በግራ ጆሮሽ አትሰሚም አይደል?»

ምራትየዋ መቅዘፊያውን ለቀቀች። የምትክድ መስላ ነበር፤ ግን አማቷ ፊት ላይ ቁጣ ስታጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች።

«እየቀነሰ እየቀነሰ መጣ። የምሞርድበት ማሽን በዚያ በኩል ነው የሚያፏጨው።»

«ባልሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። እሱ እንደሆነ ሲናገርም እንደሚጮህ ነው።»

ይህ እውነት ስለነበር እትዬ ማዕከል ልትከራከር አልቻለችም።

«ታዲያ ለምን ደበቅሽን?»

«ከሥራ ይቀንሱኛል ብዬ። ደግሞ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን በጆሮ የኖሩ ሰው ነዎት፣ እማማ። ልጃቸው ደንቆሮ አገባ እንዲሉ አልፈለግኩም። ኩሩ ናት ቢሉኝ ይሻለኛል አልኩ።»

«ብያለሁ» አለች እትዬ ማዕከል።

«አውቃለሁ። ነገር በዓይን ይገባል።»

እትዬ ማዕከል ለእህቷ ያወራችው ሁሉ ትዝ አላት። እጇን ዘርግታ የምራቷን ጉልበት ያዘች። ነፋሱ ሸምበቆውን እያጎነበሰ ያልፋል፤ እነሱ የተቀመጡበት ግን ጸጥ ያለ ነበር።

«ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለግድግዳ ነው ያወራሁት በይኛ» አለች በመጨረሻ።

«ግማሹን ሰምቻለሁ።»

«የትኛውን ግማሽ?»

«መጀመሪያውን። መጨረሻ መጨረሻው ላይ ድምፅዎ ይወርዳል።» ምራትየዋ ፈገግ አለች። «ያቺ በሠርጓ ቀን ሙሽራው የጠፋባት ልጅ፣ ተገኘላት?»

«አላወቅሽም? ተገኘ እንጂ፤ አጎቱ ቤት ተኝቶ።»

ነፋሱ እስኪበርድ ድረስ እትዬ ማዕከል የቆዩ ታሪኮቿን መጨረሻ መጨረሻ ስትነግራት ቆየች። ከመሠረቱ መጀመር አላስፈለጋትም። አንዱ መሐል ላይ ምራትየዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በዓይኗ አመለከተቻት። ከሸምበቆው ሥር አንዲት ትንሽ ቡናማ የውሃ ወፍ ወጥታለች፤ ጀርባዋ ላይ፣ ከላባዋ መሐል፣ ዝንጉርጉር ጭንቅላት ያላቸው ጫጩቶች ብቅ ብለዋል። ወፏ ጀልባዋን አየት አድርጋ፣ እንግዳ እንደማይገርመው ሰው፣ ጭነቷን ይዛ በአጠገባቸው አለፈች። አንዱ ጫጩት ወደቀና ውሃ ውስጥ ተንፈራገጠ፤ ቆማ ጠበቀችው፤ ተመልሶ ጀርባዋ ላይ ወጣ። እትዬ ማዕከል እስኪያልፉ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ቀረች።

ሽማግሌው በሌላ ጀልባ መጥቶ በገመድ ሲጎትታቸው ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር።

በማግሥቱ ልጅየው እንቅልፍ ባጣ ዓይን ከአውቶቡስ ወረደ። እናቱ ሳመችውና «እኔ እግሬ ደክሟል፤ እናንተ ዙሩ» ብላ ከዛፍ ሥር ተቀመጠች። ሁለቱ በእግር መንገዱ ሲሄዱ በሩቁ አየቻቸው። መንገዱ የሚታጠፍበት ጋ ቆሙ። ምራቷ ስትናገር፣ ልጇም ጎንበስ ሲል ይታያል። ከዚያ ወደ ሌላው ጎኗ ተሻገረና እጇን ይዞ ቀጠሉ።

ከተማ እንደተመለሱ የጆሮ ሐኪም ምራትየዋን አይቶ ማዳመጫ መሣሪያ ሰጣት፤ አለቃዋም ሲነገረው ማሽኑን በሣጥን ሸፍኖ የጆሮ መከለያ ገዛ እንጂ ከሥራ አልቀነሳትም። እትዬ ማዕከል ወንበሯን ወደ ምራቷ ቀኝ አዛወረች።

ምራትየዋ ዛሬም ንግግር አታበዛም። ለካ ተፈጥሮዋ ነው። እትዬ ማዕከል እህቷ ስትጠይቃት «ምን ታድርግ፣ አንዱ ካወራ አንዱ መስማት አለበት» ትላለች፤ ደግሞ ምራቷ ጎን ሄዳ፣ ወሬ ሳትጀምር፣ ሻይ ፉት የምትልበት ጊዜ አለ።