«ፍሬኑ ደህና ነው»

መምህሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ ፊዚክስ ያስተምራል። ቅዳሜና እሑድ ግን መካኒክ ነው፤ እሱ ነው እንዲህ የሚለው። ከቤቱ ጎን በቆርቆሮ መጠለያ ሥር፣ በዕድሜ የምትበልጠው አንዲት ድብልብል መኪና ቆማለች። እሱ «እሜቴ» ይላታል፣ ሚስቱ ደግሞ «ጣውንቴ»። ሚስት አልተሳሳተችም። ይህ ሰው የሚስቱን ልደት ረስቶ፣ ለመኪናዪቱ የበር እጀታ ፍለጋ ከተማ ለከተማ የዞረ ነው።

«እኔ ብታመም እንዲህ ታስታምመኛለህ?» ትለዋለች በመስኮት ብቅ ብላ።

«አንቺማ መለዋወጫሽ አይጠፋም» ይላታል ከመኪናዋ ሥር፤ ትስቅና መስኮቱን ትዘጋበታለች።

ረዳቱ አማቱ ናቸው፣ የሚስቱ አባት። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶብስ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል። ተሳፋሪው «አባ ዝግታ» ይላቸው ነበር፤ ፍሬን ሲይዙ የተኛ ሕፃን አይነቃም ለማለት ነው እንጂ ስድብ አልነበረም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ትንሿን መኪናቸውን እየነዱ ገበያቸውን ይገበያያሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከመምህሩ በፊት የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ይገኛሉ።

የዚያን ቅዳሜ ሥራ ከፍሬኑ ቧንቧ አየር ማውጣት ነበር። ይህ ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፍሬኑን ይረግጣል። ሌላው ከሥር ተጋድሞ በየጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ያላላና ዘይቱ አየሩን ይዞ ሲወጣ መልሶ ያጠብቃታል።

«ይርገጡ አባባ።»

«ረገጥኩ።»

«ይያዙት።»

«ይዣለሁ።»

«ይልቀቁ።»

እንዲህ እየተቀባበሉ ሦስቱን ጎማ ጨረሱ። አራተኛው ላይ፣ የኋላው ግራ ላይ፣ የመምህሩ ስልክ ጮኸ። የአሮጌ መኪና ወዳጆቹ ናቸው፤ እሑድ እሑድ መኪኖቻቸውን አሰልፈው የሚዞሩ፣ የሰው ቀለም ላይ አቃቂር ሲያወጡ የሚውሉ ጉደኞች። «እስኪ ፎቶ ላክ፤ ወሬ ብቻ ሆንክ እኮ» አሉት። ወሬኛ መባል አንገበገበው። ቡሎኗን በጣቱ ብቻ አዞር አዞር አድርጎ ተዋትና ከሥር ወጣ። ፎቶ አነሳ። የፊት መብራቱ አላማረውም፤ በጨርቅ ይወለውለው ጀመር።

«የመጨረሻዪቱን አጠበቅሃት ልጄ?» አሉ ሽማግሌው ከወንበራቸው።

«አጥብቄያታለሁ አባባ።»

ሊዋሽ ብሎ አልነበረም። አፉ ከእጁ ቀድሞ ነው። መብራቱን ወልውሎ ሲጨርስ ምሳ ቀርቧል ተባለ፤ ቡሎኗም በዚያው ተረሳች።

በማግስቱ ቤተሰቡ ሁሉ ተሳፈረ። ሚስቱና ሁለቱ ሴት ልጆቹ ከኋላ ተቀመጡ። መምህሩ ቁልፉን ለአማቱ ሰጠና «ዛሬ እርስዎ ነዎት» አላቸው። ሽማግሌው እንደ ሙሽራ አፈሩ። ከዚያ ግን መሪውን ሲጨብጡ ከወገባቸው ቀጥ አሉ። ከተማውን ጨርሰው ኮረብታውን እስኪወጡ ድረስ፣ ልጆቹ ከኋላ እየዘፈኑ፣ መኪናዋ እንደዚያ ለስልሳ ሄዳ አታውቅም።

ቁልቁለቱ ላይ ሽማግሌው ፍሬኑን ረገጡ። ደግመው ረገጡ። «የለም» አሉ፣ እንዲያው ዝቅ ባለ ድምፅ። ማርሹን አወረዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ መኪናዋንም ጠርዝ ጠርዙን አስይዘው፣ በመሠራት ላይ ካለ ሕንጻ ፊት ለፊት የተከመረ አሸዋ ውስጥ አፍንጫዋን ቀበሯት። አንድም ሰው አልተጫረም። ትንሿ ልጅ ብቻ አለቀሰች፤ እሷም ከድንጋጤ ነው።

መምህሩ ዘሎ ወርዶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ የኋላው ግራ ጎማ ከውስጥ በኩል በዘይት ርሷል። ቡሎኗ በጣት ትዞራለች። ወዲያው ገባው። እጁ ግን ሥራ አላቋረጠም፤ መፍቻ ከሻንጣው አውጥቶ አጠበቃት፣ ጎማውን በጨርቅ ጠረገ፣ ኮፈኑን ከፍቶ የጎደለውን ዘይት ሞላ፣ ገብቶም ፍሬኑን እስኪጠነክር ደጋግሞ ረገጠው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሚስቱ ልጆቹን ታባብላለች፣ ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። እምላለሁ፣ እስከዚህ ድረስ ሊደብቅ አላሰበም። የተበላሸ ሲያይ ማበጀት ልማዱ ነው።

«ምንድነው የሆነው?» አለች ሚስቱ ከጀርባው መጥታ።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሚስቱ ራሷ ገብታ ረገጠችው። ያዘ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ ሳይሆን ኀዘን ነበር።

«አባዬ፣ ፍሪሲዮኑን ይሆን እንዴ የረገጥከው?»

ፍሪሲዮን ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ነው፤ ከፍሬኑ በስተግራ ያለው፣ ሲረግጡት እስከ ወለል የሚሰምጠው። ሽማግሌው ጫማቸውን አዩ። «እስከ ወለል ነው የሰመጠው» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲያስ እሱን ይሆናላ።»

መምህሩ የዘይቱን ቆርቆሮ ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ መሬት ግን ለእንዲህ ያለው ሰው አትከፈትም።

ያን ዕለት ማታ ሽማግሌው የትንሿ መኪናቸውን ቁልፍ ለልጃቸው ሰጡ። ማንም አልጠየቃቸውም። «ሰው ሳልገድል ይብቃኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ደረጃ ሲወርዱ እግራቸውን እያዩ ሆነ፤ እንደማይታመን ጎረቤት ይጠብቁታል። ሚስቱ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ከታ ወጥ ቤት ገብታ ስታለቅስ መምህሩ ሰማ። ሰምቶ ምን አደረገ? ጋዜጣ ገለጠ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእሱ ግን እያደር ደፈረሰ። ክፍል ገብቶ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ግፊትን እንዴት እንደሚያስተላልፍ ሲያስረዳ፣ አንዷ ተማሪ «ዕቃው ቢያፈስስ?» አለችው። ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ዞረ። አፈረ፤ በሠላሳ ልጆች ፊት፣ ማንም ምንም ሳያውቅበት፣ ጆሮው እስኪግል አፈረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌው አልመጡም። ቤታቸው ሄደ። ትንሿ መኪና ሸራ ለብሳለች፤ እሳቸው ደጃፍ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ሁሉንም ነገራቸው፦ ስልኩን፣ ቡሎኗን፣ አሸዋው ዳር ያጠበቃትንም። ሲጨርስ ሽማግሌው እጁን ያዙት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ተባረክ ልጄ። አጥብቄያታለሁ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሚስትህም ራሷ ረግጣ አይታዋለች። ለአንድ ሽማግሌ ብለህ ስምህን አታጉድፍ።»

«አባባ፣ እውነቴን ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ፣ የሚያባብሉት እሳቸው ሆነው።

ቤት ሲደርስ ወሬው በስልክ ቀድሞታል። ሚስቱ በሩ ላይ አንገቱን አቀፈችው። «አባዬ ነገረኝ። ለሱ እንዲህ የሚሳሳ ልብ አለህ ብዬ አላስብም ነበር» አለችው።

«የነገርኳቸው እውነት ነው» አለ።

«እሺ፣ እውነት ነው» አለችና ሳቀች፤ ደህና ራት ሠራችለት። ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር፤ ምስጋናው ግን አንገበገበው። ማስረጃውን በገዛ ጨርቁ የጠረገ ሰው አሁን ማን ይመነው?

በማግስቱ ሽማግሌውን ለምኖ አመጣቸው። መኪናዋን ክሪክ ላይ አቁሞ የመሪውን በር ከፈተላቸው።

«አይ፣ እኔ መሪ ጋ አልቀመጥም።»

«ጎማዋ አየር ላይ ነው አባባ፤ የትም አትሄድም። አንድ ጊዜ ብቻ ይርዱኝ።»

ተቀመጡ። መምህሩ ከሥር ገባ፤ ቡሎኗን ፈታና በጣቱ ብቻ አዞር አዞር አድርጎ ተዋት፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

«ይርገጡ አባባ።»

«ረገጥኩ» አሉ።

«ይልቀቁ። ደግመው ይርገጡ። አሁንም።»

ቡሎኗ ላላች፣ ዘይቱ ፊቱ ላይ ተረጨ። ዓይኑን ሳይጠርግ «ይርገጡ» አለ። ፍሬኑ ወለሉን ሲመታ ብቻ ተሰማ። እንደገና መታ። ደግሞ እንደገና።

«በቀኝ እግሬ ነው» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ተለውጧል። «ይኸው እያየሁት ነው፤ ቀኝ እግሬ ነው። ያን ቀንም በቀኝ እግሬ ነበር።»

«አዎ አባባ።»

በሩ ተከፈተ፣ ጫማቸው መሬት ነካ። መምህሩ ከሥር አልወጣም። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት ዘይት ገባበት።

«ልጆቹ ከኋላ ነበሩ» አሉ ከበላዩ። «እኔስ እሺ፣ ሽማግሌ ነኝ። ልጆቹ ከኋላ ነበሩ።» የመኪናዋን በር ዘጉ። «ሂድና ራስህ ንገራት። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ፊቱ በዘይት እንደተለቀለቀ ገባ። ሚስቱ ልብስ ታጣጥፋለች። በዚህ ጊዜ አልሳቀችም፤ ፊቱን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማችው። ስለ ቡሎኗ ምንም አላለችም። ቡሎንማ ማንም ይረሳል።

«እኔ ገብቼ ስረግጠው» አለች፣ «አንተ ቆመህ እያየኸኝ ነበር?»

«አዎ።»

«አባዬን ያንን ስለው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

የያዘችውን ሸሚዝ አጣጥፋ ጨረሰች፤ የእሱ ሸሚዝ ነበር። መሳቢያውን ከፍታ የአባቷን ቁልፍ አወጣችና በአጠገቡ አልፋ ወጣች።