የባርናባሽ እንግዶች

ዴንሽ የሽልማቱን ወሬ ይዞ ቤት ሲገባ ሚስቱ ቪልማ ጎመን እየከተፈች ነበር። ከስኳር ፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ እሱ ተመርጧል። ከነሚስቱ ቡዳፔስት ሄዶ ሙዚየሙን፣ ድልድዩን፣ ቲያትሩን ሊጎበኝ ነው፤ ሆቴሉም ምግቡም በመንግሥት። ያንን ግዙፍ ሰውነቱን በሩ ላይ ገትሮ እንደ ልጅ ይስቃል።

«አንተን?» አለችው ቢላዋውን አስቀምጣ።

«እኔን! ምን ይጎድለኛል?»

«ሰኞ በመጣ ቁጥር አርፍደህ የምትገባውን? ባለፈው ስብሰባ ላይ ሰው ፊት ያዋረዱህን?»

«ጸባዩን አሳመረ ብለው ይሆናላ! አንቺ ሴትዮ ደግሞ፣ ደስታ ሲመጣ በሩን ትዘጊበታለሽ።»

ቪልማ አልሳቀችም። በዚያ ዘመን ያልጠየቁት ነገር ከላይ ሲወርድ ሰው ከመደሰቱ በፊት ይደነግጥ ነበር። የእነሱ ቤት ደግሞ የሚደነግጥበት በቂ ምክንያት ነበረው። ታናሽ ወንድሟ ሎራንድ ዋና ከተማው ውስጥ ለቲያትር የመድረክ ሥዕል ይሠራ ነበር፤ አንዳንዴም ሙዚየሙ አሮጌ ሥዕሎች እንዲያድስለት ይጠራዋል። አንድ ቀን ከመድረኩ ሸራ ጀርባ የአገሩን መሪ፣ የትልቁን ሰውዬ መልክ ከአሳማ ጋር አጋብቶ ሥሎ ጓደኞቹን አሳቀ። ከሳቁት መሀል አንዱ ሄዶ ተናገረ። የደኅንነት ሰዎች ሊይዙት ሲመጡ በመስኮት ዘሎ አመለጠ፤ ከዚያ ወዲህ የገባበት አልታወቀም። ሰዎቹ እነቪልማ ቤት ድረስ መጥተው የድርቆሹን ክምር ሳይቀር በሹል ብረት ወግተውታል።

«አንሂድ» አለች ቪልማ።

ዴንሽ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «እምቢ ማለት ይቻላል ብለሽ ነው?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሄዱ።

ባቡር ጣቢያው ላይ አንድ ቀጠን ያለ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ጠበቃቸው። ስማቸውን ሳይጠይቅ ሻንጣቸውን ተቀበለ። «ባርናባሽ እባላለሁ። ከተማውን የማሳያችሁ እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ሰው ሲያናግር አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ከዚያ ቪልማን ትኩር ብሎ አያትና ፈገግ አለ።

«ወይዘሮ ቪልማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያንን ሻሽ ቢያወልቁትስ? እዚህ እንደዚህ አያስሩም። ፊትዎ ይታይ እንጂ።»

«ይበርደኛል» አለች።

«ፀሐይ ወጥታ የለ እንዴ!» አለ ዴንሽ በደስታ ሰክሮ። «አውልቂው ቪልማዬ፣ የገጠር ሰው አታስመስይን።»

አወለቀችው። ባርናባሽ እጁን ዘርግቶ ሻሿን ተቀበለና አጥፎ ኪሱ ከተተው። እንዲመልስላት መጠየቅ አሳፈራት።

መጀመሪያ የወሰዳቸው ወደ ድልድዩ ነበር። ዴንሽ የድንጋይ አንበሶቹን ቀና ብሎ እያየ «እነዚህ ምላስ የላቸውም ይባላል፤ ቀራጺው ረስቶት ነው አሉ!» አለ።

«አላቸው ጓድ ዴንሽ» አለ ባርናባሽ። «ከታች ሆኖ ለሚያይ ነው የማይታየው። ከላይ ሆነው ሲያዩት ሁሉም ነገር ይታያል።»

ዴንሽ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቪልማ ግን ዞር ስትል ከኋላቸው ግራጫ ባርኔጣ ያደረገ ጎልማሳ የድልድዩን ብረት ተደግፎ ቆሞ አየች። ወንዙን አልነበረም የሚያየው።

ሙዚየሙ ሲደርሱ በሩ አጠገብ ካፖርት የሚቀበል አንድ ሽማግሌ ነበር። የዴንሽን ካፖርት ሰቀለ፤ የቪልማን ሊቀበል ቀና አለና እጁ አየር ላይ ቀረ። ካፖርቱ መሬት ወደቀ። ሽማግሌው ለማንሳት ጎንበስ እንዳለ ብዙ ቆየ፤ ሲነሳ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ያውቋታል እንዴ አባባ?» አለ ባርናባሽ እጅግ በትሕትና።

«ኧረ እኔ ማንን አውቃለሁ ጌታዬ። ወገቤን ነው፣ ወገቤን።»

«አይዞዎት፣ ይታከማሉ» አለ ባርናባሽ።

ደረጃውን ሲወጡ ቪልማ ቁልቁል ብታይ ባለግራጫው ባርኔጣ የካፖርት መቀበያው ባንኮኒ ላይ ክርኑን አሳርፎ ሽማግሌውን ሲያናግር አየችው። ላይኛው ፎቅ ላይ ባርናባሽ ስለ ንጉሦች ዘውድና ስለ ጦርነት ሥዕሎች ሲያስረዳ አንድም ቃል ጆሮዋ አልገባም። በየክፍሉ ሲገቡ መስኮት አጠገብ ያቆማታል። «እዚህ ጋ ወይዘሮ ቪልማ፣ ብርሃኑ እዚህ ይሻላል» ይላል። ሥዕሉን ለማየት ግን ብርሃኑ እዚያ ጋ አይሻልም ነበር።

በማግስቱ «ገና ያላያችሁት ክፍል አለ» ብሎ ወደዚያው ሙዚየም መለሳቸው። ካፖርታቸውን የተቀበለቻቸው ወጣት ሴት ነበረች።

«የትላንቱ አባባስ?» አለች ቪልማ ሳታስበው።

«አርጅተው የለ?» አለ ባርናባሽ። «ማረፍ ነበረባቸው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዴንሽ የተቀቀለ በቆሎ እየጋጠ ጥንታዊውን ምሽግ፣ አደባባዩን፣ ከኮረብታው ላይ የሚታየውን የከተማውን ጣሪያ ሁሉ ሲያደንቅ ዋለ። ቪልማ ግን የምታየው ሰው ብቻ ሆነ። ትራም ውስጥ አንዲት ሴት አየቻትና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አንድ መጽሐፍ ሻጭ ሊስቅላት ጀምሮ ከኋላዋ ያለውን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ባርናባሽ ይህን ሁሉ ያያል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወደ ኋላ ይመለከታል፤ ባለባርኔጣው ትንሽ ይቀርና ቆይቶ ይደርስባቸዋል።

ሆቴል እንደገቡ ቪልማ ፊቷን ልትታጠብ መታጠቢያው ፊት ቆመች። መስታወቱ ውስጥ የተገጣጠመው ቅንድብ፣ ሰፊው ግንባር፣ አገጩ መሀል ያለው ጎድጎድ ያለ ምልክት አፍጥጦ አያት። ልጆች ሆነው እናታቸው ከሩቅ ስትጠራቸው ስማቸውን ታቀያይር ነበር። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍታ ዴንሽን በእጇ ጠራችው።

«ከተማውን ለእኛ እያሳየን አይደለም» አለችው በጆሮው። «እኔን ነው ለከተማው የሚያሳየኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እየኝ። ማንን ነው የምመስለው?»

ዴንሽ አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ያህል ቆየ። ከዚያ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ሎራንድን» አለ።

«እሱን የሚያውቅ ሁሉ እኔን ሲያይ ይደነግጣል። የደነገጠውን ይለቅማሉ። ወይ ደግሞ የሸሸጉት ሰዎች ካሉ እህቱ መጣች ብለው ወደ እኔ ይመጣሉ፤ እነባርናባሽም ከኋላዬ ቆመው ይጠብቃሉ። ያ ምስኪን ሽማግሌ በእኔ ፊት ምክንያት ነው የጠፋው፣ ዴንሽ። በዚህ ፊት!»

«እኔ ደግሞ በቆሎ እየጋጥኩ…» አለ ዴንሽ። «ነገ ቲያትሩ ነው። እሱ ይሠራበት የነበረው ቲያትር።»

«አውቃለሁ።»

ጠዋት አሞኛል ብላ አልነሳም አለች። ባርናባሽ ወዲያው ሐኪም ይዞ መጣ። ሐኪሙ ልቧን አዳምጦ «ትንሽ ፈርታለች እንጂ ደህና ናት» አለ። ባርናባሽም «የመጀመሪያ ቲያትር ያስፈራል» ብሎ ካፖርቷን ያዘላት።

ትርኢቱ የእሑድ ከሰዓት ነበር፤ ሰው ጢም ብሏል። ያስቀመጧቸው ከመድረኩ አጠገብ ያለ ሰገነት ላይ ነው፤ ከታች እስከ ላይ ያለ ተመልካች ሁሉ የሚያየው ቦታ። መጋረጃው ሲገለጥ ከተዋናዮቹ አንዷ ወደ ሰገነቱ ቀና ብላ የምትናገረውን ለአፍታ ረሳች። ቪልማ አንገቷን ደፋች። «ቀና ይበሉ፣ መድረኩ እኮ ወዲያ ነው» አላት ባርናባሽ ከኋላዋ፣ በለሆሳስ።

ለእረፍት ወጡ። አዳራሹ በመስታወት የተሞላ ስለሆነ ፊቷ በየግድግዳው ይከተላታል። ባርናባሽ ቀይ የእንጆሪ ጭማቂ በብርጭቆ አስያዛትና ለዴንሽ ቢራ ሊያመጣ ፈቀቅ አለ። ሆን ብሎ ብቻዋን እየተዋት እንደሆነ ገባት። ባለባርኔጣው ዓምዱ ሥር ቆሟል፤ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

ያኔ ነው ቡናማ ቀሚስ የለበሰች ሴት ሕዝቡን እየሰነጠቀች ወደ እሷ ስትመጣ ያየችው። ጥፍሮቿ ሥር የደረቀ ቀለም አለ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አፏን ስትከፍት ቪልማ የምትጠራውን ስም ከከንፈሯ ላይ አነበበችው።

ብርጭቆውን እንዳለ ደረቷ ላይ ደፋችባት።

«ዓይንሽ አያይም!» ብላ ጮኸች። «ሰው ገፍተሽ የት ልትደርሺ ነው? እግሬን ሰበርሽው እኮ!»

ሴትየዋ ከደረቷ የሚወርደውን ቀይ ጭማቂ፣ ከዚያ ቪልማን አየች። ቪልማ በዓይኗ ለመነቻት፦ ሂጂ፣ ሂጂልኝ፣ ምንም አትበይ።

«ባላገር!» አለች ሴትየዋ፤ ድምፇ ሲንቀጠቀጥ እንደ ንዴት ይመስል ነበር። «ከከብት ጋር ኖረው ቲያትር ይመጣሉ!» ፊቷን አዙራ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ሴቶች መታጠቢያ ክፍል ሮጠች።

ባርናባሽ ቢራውን ጥሎ ተንደረደረ። ግን ዴንሽ ነበር መንገዱ ላይ። ያ ግዙፍ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ባርናባሽን አቀፈው፤ ትከሻው ላይ ተደፍቶ ጮክ ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

«ጓድ! አዋረደችኝ ጓድ! ፋብሪካው እምነት ጥሎብኝ፣ እርስዎ እንደዚህ ተንከባክበውን፣ ሚስቴ ሰው ፊት አዋረደችኝ!»

«ይልቀቁኝ ጓድ ዴንሽ።»

«ይቅርታ ካላደረጉልኝ አልለቅም! እግርዎን ልሳም!» እያለ በርግጥም ተንበርክኮ ጉልበቱን ጥምጥም አድርጎ ያዘው። ባለባርኔጣው ሊደርስላቸው ሲል ሕዝቡ ይህን ጉድ ለማየት ከብቦ መንገድ ዘጋበት። አንዳንዱም ይስቅ ነበር። ባርናባሽ ከዚያ እቅፍ ሲወጣ መታጠቢያ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ነው የተገኘው፤ ከዚያ ወደ መድረኩ ጓዳ የሚያሳልፍ ትንሽ በር ነበረው።

ተመልሶ መጣ። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ያ ነው ቪልማን ይበልጥ ያስፈራት።

«ምን ልትልዎት ነበር ያቺ ሴት?»

«እግሬን ረግጣኝ ምን ትለኛለች?»

«የትኛውን እግር?»

ቪልማ ለአፍታ አመነታች። «ግራውን» አለች።

«ግራውን» አለ ባርናባሽ፣ ቃሉን እያጣጣመ። «እንግባ፤ ሁለተኛው ክፍል ሊጀምር ነው። መጨረሻው ጥሩ ነው ይላሉ።»

እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዩት። ምን እንዳዩ ሁለቱም አያስታውሱም።

ባቡሩ ሊነሳ ሲል ባርናባሽ በመስኮቱ በኩል ሻሿን መለሰላት። «ከተማችንን በደንብ አላዩትም ወይዘሮ ቪልማ። ሌላ ጊዜ እንጠራዎታለን» አላት።

እንደተናገረውም አደረገ። ዴንሽን ከማሽን ክፍል አውጥተው እሳት ማንደጃ ላይ መደቡት። በፀደይ ቪልማ ብቻዋን ተጠራች፤ በበልግም እንደገና። በዚያው ሙዚየም፣ በዚያው ድልድይ፣ በዚያው ሰገነት ላይ አዞሯት። ግን ማንም አልደነገጠም፤ ማንም አላያትም። ካፖርት ተቀባዩም፣ ትኬት ቆራጩም፣ ተዋናዩም ስትደርስ ዓይኑን ይሰብራል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እንደ መንፈስ ተመላለሰች። በመጨረሻ ባርናባሽ ራሱ ሰለቸውና ጥሪው ቆመ።

ዓመታት አልፈው ነገሩ ላላ ያለ ጊዜ፣ አንድ ቀን በር ተንኳኳ። ቪልማ ስትከፍት ያቺ ሴት ቆማለች፤ ጸጉሯ ሸብቷል።

«ኤቴልካ እባላለሁ» አለች። «ጭማቂ ደፍተሽብኛል።»

ቪልማ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። አስገብታ አስቀመጠቻት፤ ዴንሽ ዳቦ ቆርሶ በዝይ ስብ ቀብቶ አቀረበላት፤ እሷ ግን አልነካችውም።

«አድነሽኛል» አለች ኤቴልካ። «በዚያው ልብስ፣ በዚያው ቀን ከከተማ ወጣሁ። ግን አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር የመጣሁት ያኔ፤ አልሰማሽኝም።»

«ስለ ሎራንድ?»

«ከመድረኩ በላይ፣ ቀለም የምናስቀምጥበት ጣሪያ ሥር ነበር የደበቅነው። ክረምቱን እሳት ማንደድ አንችልም ነበር። ሳንባውን ያዘው። እናንተ ስትመጡ ከቀበርነው ሳምንት አልሞላውም ነበር።»

ዴንሽ ነበር ቀስ ብሎ የጠየቀው፦ «እንግዲያ ያን ሁሉ ጊዜ የሚፈልጉት…»

«የሞተ ሰው ነው። አያውቁም ነበር። ዛሬም የሚያውቁ አይመስለኝም።»

«እኔም አላውቅም ነበር» አለች ቪልማ። «በየቀኑ መብራት አብርቼ እጠብቀው ነበር።»

በዚያው ሳምንት ኤቴልካ ይዛት ሄደች። መቃብሩ ከከተማው ዳር፣ ከድሆች መቃብር መሀል ነው፤ የእንጨት መስቀሉ ላይ የተጻፈው የሌላ ሰው፣ ያኖሽ ኮቫች የሚል፣ አገሩ ሁሉ የሚጠራበት ዓይነት ስም ነው። ኤቴልካ ውኃ ልታመጣ ስትሄድ ቪልማ ብቻዋን ቆመች። በዚያ ስም ማልቀስ አቃታት።

አጠገቧ ካለው መቃብር ላይ አረም ትነቅል የነበረች አሮጊት ቀና አለችና «ወገንሽ ነው ልጄ?» አለቻት።

ቪልማ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየች።

«አይደለም» አለች። «ሳልፍ ነው።»