ተመዝግቧል

አለቃው በአባቷ ላይ የጻፈውን ደብዳቤ ለኪዋ ያገኘችው ረቡዕ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ቀድሞ ሊነግራት የደፈረ ሰው አልነበረም። በዚያ ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራበት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት መጋዝና ሞረድ የያዘው ቴክኒሻን «በተደጋጋሚ በታየ የልኬት ስህተት ምክንያት» ዓርብ ከሰዓት መሣሪያዎቹን አስረክቦ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ብሎን ይቆጥራል። የደብዳቤው ማኅተም ተጣሞ ነው የተመታው። መጀመሪያ ያንገበገባት እሱ ነበር፤ ሰውን በልኬት የሚከስ ሰውዬ ማኅተሙን እንኳ ቀጥ አድርጎ መምታት አይችልም።

አባትና ልጅ የሚሠሩት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። እሷ መግቢያው አጠገብ ባለው መለኪያ ክፍል የታካሚውን እግር ትለካለች፣ ቁጥሩን ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች፣ ከዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች። «መዝግብ» የሚለውን ስትጫን በኮሪደሩ ሌላኛው ጫፍ፣ በአባቷ ወርክሾፕ ያለው ማተሚያ አንዲት ትንሽ ወረቀት ያወጣል። አባቷ ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር የብረቱን ቱቦ ይቆርጣል፤ ወረቀቱንም ይጥላል። «አንድ ሚሊ ሜትር ምን አላት?» ያለውን ሁሉ ቁም ስቅሉን ስለሚያሳየው እውነተኛ ስሙ ቀርቶ «ጋሽ ሚሊ» ሆኗል።

ባለፈው አንድ ወር ግን የሦስት ሰው እግር አጠረ። መጀመሪያ የአንድ ሾፌር፣ ቀጥሎ የአንዲት አስተማሪ፣ በመጨረሻ የፀጉር ሠሪዋ። ፀጉር ሠሪዋ አዲሱን እግሯን አድርጋ መስታወቱ ፊት ስትቆም አንድ ትከሻዋ ወረደ። «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው» አለች፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ቱቦው በአንድ ሴንቲ ተኩል አጥሯል። ቢረዝም ተቆርጦ ይስተካከል ነበር፤ ያጠረውን ግን ከመጣል በቀር ምንም ማድረግ አይቻልም።

አለቃው ካርዱን አስመጣ። ካርዱ 38.5 ይላል። ቱቦው ተለካ፤ ሠላሳ ሰባት። ጋሽ ሚሊ «የመጣልኝ ወረቀት ሠላሳ ሰባት ነው የሚለው» ብሎ ነበር። ወረቀቱ የታለ ቢባል፣ እንደ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ወረቀት ሁሉ ተጥሏል። ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ዓይኑ ደክሟል፣ እጁ ደክሟል፣ ዕድሜ ነው ተባለ። በአዘኔታ ነበር የሚሉት፤ ለኪዋን ከስድብ በላይ ያሳረራት ያ አዘኔታቸው ነው።

ነገር ግን እሷም ብላዋለች። ከደብዳቤው በፊት ባለው ሳምንት፣ እራት ላይ፣ «አባዬ፣ ካርዱ ላይ እኮ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እስቲ ዓይንህን ታየው» አለችው። ማንኪያውን አስቀመጠና እሺ አላት። ከዚያ ወዲህ ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አልወጣውም።

ፕሮግራሙን የጻፈችው ራሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተምራ፣ በሕይወቷ የጻፈችው የመጀመሪያው ፕሮግራም ነው፤ ሦስት መስኮትና ዘጠኝ ቁልፍ አለው። መጀመሪያ ላይ አመል ነበረው። አንድ ሳጥን ባዶ ከተተወ ቀይ መልእክት ያወጣና ቀጥ ይላል። አለቃው ያቺን ቀይ ባየ ቁጥር «ይሄ ነገር ደግሞ ምን ሆነ?» እያለ ኮሪደሩን በጩኸት ይሞላዋል። ስለዚህ ለማንኛውም ብልሽት «አጥፍተህ አብራው» የሚል አንድ መድኃኒት ብቻ ስላለው ስሙም አጥፍተህ አብራው የሆነውን የኮምፒውተር ሠራተኛ አማከረችው። ሦስት መስመር ኮድ ሰጣት። ስህተት ሲመጣ ፕሮግራሙ አፉን ይዞ ወደሚቀጥለው ሥራ እንዲያልፍ የሚያዝዙ ሦስት መስመሮች ናቸው። አስገባቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይ የሚባል ነገር ጠፋ፤ በእያንዳንዱ ታካሚ መጨረሻ «ተመዝግቧል» የምትል አረንጓዴ ሳጥን ብቻ ብቅ ትላለች። አለቃው በስብሰባ ላይ አስጨበጨበላት።

ባለፈው ወር የመለኪያ ክፍሉ አሮጌ ኮምፒውተር በአዲስ ሲቀየር ፕሮግራሙን ቀድታ ጫነችው። ተከፈተ፣ አረንጓዴዋ ሳጥን መጣች፣ በቃ። ሦስቱ እግሮች ሲያጥሩ አንዱ ደፍሮ «ምናልባት ኮምፒውተሩ ይሆን?» ቢል፣ «ኮዱን ከስድስት ወር ወዲህ አልነካሁትም» ብላ አፉን አስያዘችው። ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ይላል። ያልተነካ ነገር የማይበላሽ ይመስለዋል።

ረቡዕ ማታ ቤት የገባችው ጥርሷን ነክሳ ነው። በአለቃውም፣ በአባቷ ዝምታም ደሟ ፈልቷል። «ለምን አትከራከርም?» ብላ በቁሟ ጠየቀችው።

«ሠላሳ ሰባት አይቼ ሠላሳ ሰባት የቆረጥኩ ይመስለኛል» አለ አባቷ። «ይመስለኛል ነው እንግዲህ። ድሮ አውቅ ነበር።»

ወደ ወጥ ቤት ገባች። የቆሻሻውን ባልዲ ልትደፋ ስታነሣ ከላዩ የካርቶን ቁርጥራጮች ነበሩ፤ ቀጫጭን፣ ሃያ የሚሆኑ። በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ቁጥር ተጽፏል። አንዱን አነሣች፤ 12.4 ይላል። ሜትሯ ከቦርሳዋ ስለማይጠፋ ለካችው። አሥራ ሁለት ነጥብ አራት። ሌላውን ለካች። ሦስተኛውን። ሃያዎቹንም ወለሉ ላይ ተቀምጣ ለካቻቸው፤ አንዲት ሚሊ የሳተ የለም። ከባልዲው ሥር ደግሞ ለአራት የተቀደደ የዓይን ሐኪም ወረቀት ነበር፤ ገጣጥማ ስታነበው ዓይኑ ለዕድሜው እጅግ ደህና ነው ይላል። ሰውየው ማታ ማታ ብቻውን ራሱን ሲፈትን ከርሟል። ፈተናውንም አልፏል፤ ግን ለማን ይናገር፣ ማንስ ያምነዋል? እጁ ካልሳተ፣ ዓይኑም ካልሳተ፣ ያ ሠላሳ ሰባት ከየት መጣ?

ሐሙስ ጠዋት ታካሚ ሳይመጣ ፕሮግራሟን ልትፈትን ተቀመጠች። አርባ አስገባች፤ አረንጓዴ። አጥፍተህ አብራውን ማተሚያው ዘንድ አቁማው ስለነበር «አርባ ይላል!» ብሎ ከዚያ ማዶ ተጣራ። አርባ አንድ አስገባች፤ «አርባ አንድ!» አለ። ይህም የጀማሪ አመል ነው፤ እሺ የሚላቸውን ቁጥር መርጠው ይጠይቁታል። አጥፍተህ አብራው እጁን ኪሱ ከትቶ መጣና ፕሮግራሙ እንደ ሰዓት እየሠራ ነው፣ የተበላሸው ሰው ነው አላት። አባትሽ ነው ለማለት የቀረው ትንሽ ነበር። ልትሰድበው አፏን ስትከፍት ፀጉር ሠሪዋ ለድጋሚ ልኬት ገባች።

ለኪዋ ሁለቴ ለካቻት፤ ሠላሳ ስምንት ነጥብ አምስት። ካርዱ ላይ ጻፈች፣ ኮምፒውተሩ ላይ 38.5 ብላ መታች፣ «መዝግብ»ን ተጫነች። አረንጓዴዋ ሳጥን «ተመዝግቧል» አለች። ለኪዋ ግን ዛሬ ከወንበሯ ተነሣች። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ያላደረገችውን አደረገች፤ በኮሪደሩ ሄዳ ወረቀቱን ራሷ ከማተሚያው ተቀበለች።

የፀጉር ሠሪዋ ስም አለ። የካርድ ቁጥሯም አለ። ርዝመቱ ላይ 41 ይላል።

አርባ አንድ የማንም እግር አይደለም። ቅድም ለሙከራ ራሷ ያስገባችው ቁጥር ነው።

ተመልሳ ኮዱን ከፈተችና እነዚያን ሦስት መስመሮች አጠፋቻቸው። እንደገና 38.5 አስገባች። ስድስት ወር አፉን ተይዞ የኖረው ቀይ መልእክት ወዲያው ወጣ፤ የገባው ጽሑፍ ቁጥር አይደለም ይላል። አዲሱ ኮምፒውተር ከፋብሪካ ሲመጣ ለክፍልፋይ ከነጥብ ይልቅ ኮማ እንዲጠብቅ ሆኖ ነው የተዘጋጀው። ሠላሳ ስምንትን ያውቃል፣ ሠላሳ ዘጠኝን ያውቃል፤ መሐላቸው ነጥብ ሲያይ ግን አይገባውም። አልገባኝም ሊል ሲነሣ የእሷ ሦስት መስመሮች ዝም ያሰኙታል። አዲስ ቁጥር ስላላገኘ ከፊት ለነበረው ታካሚ የያዘውን ለአዲሱ ሰው ይጽፍለታል። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ተመዝግቧል» ይላል።

አጥፍተህ አብራው ከትከሻዋ በላይ ሆኖ አየው፤ አየና ድምጹን ዝቅ አደረገ። የኮምፒውተሩን ቅንብር አሁኑኑ በአንድ ደቂቃ እቀይረዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ ያልቃል አለ። ለኪዋ ቀና ብላ አየችው። ቆሽቷ ድብን አለ፤ በእሱ ብቻ አይደለም፤ ከስድስት ወር በፊት ይህንኑ ምክር ሲሰጣት አመስግና በተቀበለችው በራሷም ነው። ከአጠገቧ ዞር እንዲል ነገረችው።

የወሩን ካርዶች በሙሉ አወረደች። ነጥብ ያለባቸውን ለየች፤ አሥራ አንድ ሰው። ከነሱ ሦስቱ ቅሬታ አቅርበዋል፤ ስምንቱ ዝም ብለዋል። ካርዶቹ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበሩ፤ ማንም ቢጠራጠር እጁን መዘርጋት ብቻ ይበቃው ነበር። አሥራ አንዱንም ታቅፋ አለቃው ቢሮ ገባች።

አለቃው ሰማት። ጥፋቱ መገኘቱ ጥሩ ነው፣ ይስተካከል አለ። ስምንቱን ሰዎች ግን ዝም ካሉ ምን ብለን እንቀሰቅሳቸዋለን፤ ደብዳቤውም አንዴ ተፈርሟል፤ አባትሽም ቢሆን ዕቃ ግምጃ ቤት ቢያርፍ አይጠላም አላት። ለስላሳ ድምፅ ነበር የተጠቀመው፤ እንደዚያች አረንጓዴ ሳጥን።

«ዝም ያሉት ስላልታመሙ አይደለም» አለች ለኪዋ። «ሰው ሠራሽ እግር እንዲህ ነው ብለው ነው የሚያነክሱት። እርስዎ ደብዳቤውን ካላነሡ እኔ ይህን ከጎኑ እለጥፈዋለሁ።»

መልሱን አልጠበቀችም። የፀጉር ሠሪዋን ካርድና አርባ አንድ የሚለውን ወረቀት ሰሌዳው ላይ፣ ከጠማማው ማኅተም አጠገብ ለጠፈች። ከሥሩም በትልቁ «ስህተቱ የፕሮግራሜ ነው» ብላ ጽፋ ፈረመች።

አባቷ ወርክሾፑ ውስጥ መሣሪያዎቹን በዝርዝር እያመሳከረ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቅልሏቸዋል።

«አባዬ፣ እጅህ አይደለም። ፕሮግራሜ ነው።»

አንድ በአንድ ነገረችው፤ ስለ ነጥቡም፣ ስለ ሦስቱ መስመሮችም፣ ስለ አሥራ አንዱም ሰው። እስክትጨርስ ቀና አላለም። ሲያቅፋት ወይም ሲጮህባት በልቧ ሥላ መጥታለች፤ ሁለቱም አልሆነም።

«ሲሳሳት ምን ይል ነበር?» አላት።

«ተመዝግቧል ይል ነበር።»

ሞረዱን ከጨርቁ ፈታው። «ወረቀቱ ሠላሳ ሰባት ይላል ብዬሽ ነበር።»

«ብለኸኝ ነበር።»

«እኔ እጄን ስጠረጥር ካርቶን ቆርጬ ለካሁ። ዓይኔን ስጠረጥር ሐኪም ጋ ሄድኩ» አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ ንዴቱ ግን ከጉንጩ ይታያል። «አንቺ እኔን ስትጠረጥሪ ምን ለካሽ?»

አባቷ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ከሳጥኑ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፣ የካርዶቹን እሽግ ከእጇ ተቀበላትና ስልኩን አንሥቶ ለመጀመሪያው ሰው ይደውል ጀመር።

ዓርብ ጠዋት ደብዳቤው ከሰሌዳው ጠፋ፤ ማን እንዳነሣው የነገራት የለም፣ ይቅርታ ያለም የለም። በተከታዮቹ ቀናት አሥራ አንዱ ሰዎች በየተራ መጡ። ፀጉር ሠሪዋ መስታወቱ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች፤ ለኪዋን ግን ዞራ አላየቻትም፤ ለኪዋም ልትፈርድባት አልቻለችም። ፕሮግራሙን አስተካከለችው። በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ነጥብን እንዲያውቅ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ የቀድሞውን ቁጥር ከነጭራሹ እንዲረሳ አደረገችው። ያልገባው ነገር ሲገጥመው ደግሞ በትልቁ በቀይ «ይህ ቁጥር አልገባኝም፤ ቱቦው አይቆረጥ» ይላል፤ ወረቀትም አያወጣም። መልእክቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ አለቃው እንደ ልማዱ ኮሪደሩ ላይ ጮኸ። ለኪዋ ሰማችው፤ ቀዩን ግን አልነካችውም።

አባቷ ቤትም ሥራ ቦታም አላናገራትም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ መለኪያ ክፍሏ ስትገባ ኪቦርዷ ላይ ቀጭን የካርቶን ቁራጭ ተቀምጦ አገኘች። በእርሳስ 38.5 ተጽፎበታል። ሜትሯን አውጥታ ለካችው፤ ልክ ነው። ቁጥሩን አስገባች፣ «መዝግብ»ን ተጫነች፣ አረንጓዴዋን ሳጥን ሳታይ ተነሥታ በኮሪደሩ ሄደች። አባቷ ማተሚያው አጠገብ ቆሟል፤ ወረቀቱን ይዟል።

«ልክ ነው» አላትና ወደ ሥራው ገባ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ፣ የመጀመሪያው ታካሚ ሳይመጣ፣ ካርቶን ይጠብቃታል፤ በየጠዋቱም በኮሪደሩ ትሄዳለች። ከ«ልክ ነው» በላይ ግን እስካሁን ሌላ ቃል አልጨመረላትም።