ሳይስል የሚገባ

ፍቅረየሱስ የሚስለው ጓሮ ወጥቶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ፣ አፉን በጋቢው አፍኖ ነበር። ሚስቱ እኅተማርያም ወንድሟን የቀበረችው በሳንባ ሕመም ነው። ሐኪሙ ቁርጡን እስኪነግረው አንዲት ቃል እንዳትሰማ ወስኗል። ቁርጡ ሲታወቅ ግን ከሌላ ሳይሆን ከእሱ አፍ እንድትሰማ ፈልጓል።

የምታውቀው ልጁ ልደት ብቻ ናት። ልደት ጎባ፣ አባቷ ቤት ተቀምጣ፣ ሮቤ ላለ የእህል ንግድ ድርጅት በኮምፒውተር ሒሳብ ትሠራለች። ከሆስፒታል የተላከው ራጅ በስልክ አልታይ ሲላቸው በኮምፒውተሩ ከፈተችው። በግራ በኩል ጥላ አለ። ከላይ ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል።

«ዝጊው» አላት። ዘጋችው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የልደት አለቃ ዓብዱልፈታሕ ከሮቤ መጣ። የጊኒር ልጅ ነው፤ ሰው አክባሪ። ብርቱካንና ስኳር ይዟል።

«አካም ጂርቱ፣ አባባ?»

«ደህና ነኝ።»

«አላህ ያሽርዎት።»

እኅተማርያም ፌስታሉን እንደተቀበለች ቀረች። «ማነው የታመመው?»

ልደት ፊቷ ተለዋወጠ። «ማን ነገረህ?»

«ፕሮግራሙ ነዋ፤ የሥራ መከታተያው። በየመሀሉ የኮምፒውተርሽን ስክሪን ፎቶ እያነሳ ይልክልናል።»

«ሰዓት ይቆጥራል ነው ያላችሁኝ! ፎቶ ያነሳል ያለኝ ሰው የለም።»

ዓብዱልፈታሕ አንገቱን ደፋ። «ራጁን አየሁ። አይቶ ዝም ማለት ነውር ሆነብኝ። የታመመ ይጠየቃል።»

«ሌላስ ማን አየው?»

«ቢሮ ያለነው...»

«እሰይ!» አለች እኅተማርያም። «የሮቤ ሰው የባሌን ደረት ከፍቶ አይቷል። አንድ አልጋ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ የማላውቀው!»

ፍቅረየሱስ መሬት መሬቱን አየ። የድሮ አለቃው ነገሪ ትዝ አለው።

ያኔ ወጣት ነበር፤ ከሌሎች ጋር የመንግሥት እርሻ ላይ ስንዴ ያርሙ ነበር። ነገሪ ካቦአቸው ነው። ሠራተኛው ካለበት ከመድረሱ በፊት፣ ገና ከማዶ፣ ይስላል። ጉሮሮውን ምንም አላመመውም። ሳሉን የሰማ ጋደም ያለ ይነሳል፤ ልጅ የምታጠባ ነጠላዋን ትስባለች፤ እሱን ሲያማ የነበረ ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል። ነገሪ ከስንዴው መሀል ብቅ ይልና «ጎሽ! አንድም ሰነፍ የለኝም!» ይላል። እርሻው በሳቅ ይሞላል። አንድ ጊዜ የበላይ ኃላፊው «ለምን ድንገት አትደርስባቸውም?» ቢለው፣ «ሳይስል የሚገባ ሌባ ነው» አለው። ስንዴውም ታርሞ አለቀ፤ በመኸር እስከ አጋርፋ መንገድ ድረስ ወርቅ መስሎ ተኛ። ነገሪም እርሻውም ዛሬ የሉም።

ፍቅረየሱስ ቀና አለ። «ይሄ ዕቃችሁ ሲመጣ ይስላል?»

«ምን አሉኝ፣ አባባ?»

«ሳይገባ በፊት ያስታውቃል ወይ?»

«አያስታውቅም» አለ ዓብዱልፈታሕ። ስልኩን አውጥቶ የራጁን ፎቶ እያዩት አጠፋው።

«ከዚያስ ጠፋ» አለ ፍቅረየሱስ። «ካዩት ሰዎች ዓይን ላይስ?»

ዓብዱልፈታሕ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ሰኞ ፎቶ ማንሳቱን አስቆመዋለሁ፣ ሰዓቱን ብቻ ይቁጠር ብሎ ማለ። «ወላሂ፣ ለክፉ አልነበረም።»

«አውቃለሁ። ለክፉ ቢሆን ብርቱካን ይዘህ አትመጣም ነበር።»

እንግዳው ከወጣ በኋላ እኅተማርያም ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አሳዩኝ።»

ልደት በመጀመሪያ መከታተያውን ዘጋች። ተዘግቶ እንደሆነ ደጋግማ አየች። ከዚያ ራጁን ከፈተችው። ፍቅረየሱስ ሊነግራት ያሰበውን መጀመር ፈለገ፤ ሳሉ ቀደመው። እንደለመደው ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ጓሮ ተነሳ።

እኅተማርያም ዓይኗን ከጥላው ላይ ሳታነሳ የጋቢውን ጫፍ ያዘች።

«የት ነው የምትሄደው? እዚሁ ሳል።»