ዶርቃስ የመረጠችው መስመር

ዶርቃስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባሏ ዋቅጋሪ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። አንድ እጁን ወደ ኋላ ደብቆ ፈገግ ብሏል። ገና የተማሪዎቿን ደብተሮች ከብብቷ ሳታወርድ ከጀርባው ትንሽ ካርቶን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

«እንኳን ደስ አለሽ! ከዛሬ ጀምሮ አምቦ መመላለስ ቀረ» አላት።

ካርቶኑን ከፈተችው። ጣት የምታክል ነጭ ዶንግል፣ ላፕቶፕ ላይ ተሰክታ ያለ ገመድ ኢንተርኔት ታመጣለች የምትባለዋ ናት። ዶርቃስ ዕቃዋን በደንብ ታውቃታለች። አጥንታ የተወቻት ዕቃ ናት።

«ይሄን ግዛ ያለህ ማነው?»

«ማን ይበለኝ? ለአንቺ ብዬ ነዋ! ትናንት ለስብሰባ አምቦ ስወርድ ከጥሩሰው ሱቅ አመጣሁት።» ቀጥሎ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «የስልክ መስመር ሠራተኞቹም ዛሬ ረፋድ ላይ መጥተው ነበር። ሌላ ይዘናል፣ አያስፈልገንም ብዬ መለስኳቸው» አላት።

ዶርቃስ ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ አፍርሳ እንደገና ደረደረች። 

ዘመኑ 2005 ነው። ዶርቃስ ሸነን ላይ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ዋቅጋሪ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነው። እሷ ውጭ አገር ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ሁለተኛ ዲግሪ እንድትማር ዕድል አግኝታ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በዚያ የጠጠር መንገድ በሚኒባስ እየተንገጫገጨች አምቦ ትወርድና ኢንተርኔት ቤት ተሰልፋ የቤት ሥራዋን ትልክ ነበር። አሁን ግን ቅዳሜ ብቻውን አይበቃም። በአዲሱ ወር ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ማታ ከመምህሯና ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በጽሑፍ የሚደረግ ውይይት ይጀመራል፤ ከውይይቱ የሚቀር ሰው ነጥቡ ይቆረጥበታል። ማክሰኞ ደግሞ ዶርቃስ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ናት።

ስለዚህ ኢንተርኔቱ ቤት መግባት ነበረበት። ምን ዓይነት ይሻላል ብላ ያላነጋገረችው ሰው አልነበረም። ጤና ጣቢያ ሄዳ ጠየቀች፤ ወረዳ ሄዳ ጠየቀች፤ ጊንጪ ያለች የኮሌጅ ጓደኛዋን ጠየቀች። ከአንድ መምህር ዶንግል ተውሳም ቤቷ ሞከረችው። ቤታቸው ከጋራው ሥር ሰርጎ የተሠራ ነው። ስልክ ለመደወል እንኳ ወፍጮ ቤቱ ጋ ዳገቱን መውጣት አለባቸው። ዶንግሏም እንደ ስልኩ ድርቅ ብላ ቀረች። በዚህ ምክንያት ዶርቃስ በስልክ ገመድ የሚገባውን ኢንተርኔት መረጠች። ለስልክ መሥሪያ ቤቱ አመለከተች፤ ክረምቱን ሙሉ ተራዋን ጠበቀች። ይህንን ሁሉ ዋቅጋሪ ያውቃል። እራት ላይ ነግራዋለች፤ ራሱን እየነቀነቀ ሰምቷታል።

«ዋቅጋሪ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ቀስ ብሎ፣ «ስነግርህ ምን ትሰማ ነበር?»

«ሰምቼሻለሁ። ግን ጥሩሰውን ሳማክረው ሳቀብኝ። ገመድ እኮ የድሮ ነው አለኝ። ይሄ አዲስ ነው፣ ሸነንም ቢሆን እንደ አምቦ ነው የሚሠራው ብሎ ምሎልኛል። የጸሎት ጉባኤ ወንድሜ አይደል እንዴ፣ ይዋሸኛል?»

«ጥሩሰው እዚህ ቤት ተቀምጦ ያውቃል?»

«ሥራው ነው እኮ፣ ዶርቃስ!»

«የሱ ሥራ መሸጥ ነው። እዚህ ቤት የምኖረው እኔ ነኝ። እሱን ያመንከውን ያህል እኔን ብታምነኝ ምን ነበረበት?»

«እስኪ መጀመሪያ እንሞክረው» አለና ወደ ዕቃው ዞረ።

ሞከሩት። ቀይ መብራት በራ። ላፕቶፑን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፤ ቀይ። ወንበር ላይ ቆመ፤ ቀይ። ደጅ ወጣ፤ ከዶሮዎቹ መሀል ከአጥር አጥር ዞረ። በኋላ መሰላል ደግፎ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ቆርቆሮው ላይ ወጣ። መንገደኞች ቆመው ያዩት ጀመር።

«መጣ! አረንጓዴ ሆነ!» ብሎ ጮኸ ከላይ። ላፕቶፑን ወዲያ ወዲህ አዟዟረ። «ሄደ።»

«እኔ ጣራ ላይ ተንጠልጥዬ ልማር?» አለች ዶርቃስ ከታች።

ዋቅጋሪ ሲወርድ ቱግ ብሎ ነበር። ሰው አይቶታል። «አንቺ ምስጋና የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም! እኔ በዚህ ቤት አባወራ አይደለሁም? አንድ ዕቃ መርጬ መግዛት አልችልም?»

«አሥር ዕቃ ግዛ፣ ማን ከለከለህ? ግን የኔን ምርጫ ጣልክ! ክረምቱን ሙሉ የጠበቅኩትን ተራ በአንዲት ቃል ሰጥተህ ሸኘህ። ትምህርቱ የማነው? ያንተ ነው?»

ዋቅጋሪ መሰላሉን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ዶርቃስ ትምህርት ከመግባቷ በፊት ሠራተኞቹን ፍለጋ ወጣች። ሩቅ አልሄደችም። ከአጥሯ ማዶ፣ አልጋ ቤት ያላት ጎረቤቷ የአዴ አሰፋሽ ግድግዳ ላይ መሰላል አቁመው ገመድ ይቸነክሩ ነበር። ከመካከላቸው ፂሙ የሸበተው ሰውዬ ነገሯን ጨርሳ እስክትናገር መዶሻውን አስቀምጦ አዳመጣት።

«መምህርት፣ አዝናለሁ» አላት። «ትናንት ደጃፍዎ ቆመን ነበር። ባለቤትዎ አንፈልግም ካሉን ተራው ወደሚቀጥለው ነው የሚያልፈው። ለዚህ ሰፈር የነበረን የመጨረሻው መስመር ደግሞ ይሄ ነው። ያ ምሰሶ ላይ ያለው ሳጥን ሞልቷል።»

«ያመለከትኩት እኮ እኔ ነኝ! በስሜ ነው!»

«ልክ ነዎት። እርስዎን ግን ቤት አላገኘንም። እሳቸው ደግሞ የቤቱ ጌታ ነኝ አሉን።»

በሰውየው ልትናደድ ፈለገች፤ አልቻለችም። የሚገባውን ነበር ያደረገው። ንዴቷ ማረፊያ አጥቶ ደረቷ ላይ ተከመረ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ሰበረች፤ አንድ ያልበደላትን ልጅም ተቆጣች፤ ይህ ደግሞ በራሷ ላይ ሌላ ንዴት ጨመረባት።

ቅዳሜ ማለዳ ዋቅጋሪን ቀሰቀሰችው። «ተነሥ። አምቦ እንሄዳለን። ዕቃውን ራስህ ለጥሩሰው ትመልስለታለህ።»  ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ትከሻቸው ይጋጭ ነበር፤ ሁለቱም ይቅርታ አይሉም።

የጥሩሰው ሱቅ አምቦ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ስልክ፣ ባትሪ፣ የመዝሙር ሲዲ፣ ሁሉም አለ። ጥሩሰው ከባንኮኒው ኋላ ተነሥቶ የዋቅጋሪን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «አካም ወንድሜ! ሰላም ነህ? ዕቃው እንዴት ነው?»

«አይሠራም» አለች ዶርቃስ።

ጥሩሰው ወደ ዋቅጋሪ እያየ፣ «አስተካክለህ አልሰካኸውም እንዴ?» አለው። ዶንግሉን ተቀብሎ የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካው። ወዲያው አረንጓዴ መብራት በራ፤ ገጹ ተከፈተ። «ይኸው! ዕቃው ጤነኛ ነው።»

«የእኔ ቤት እርስዎ ሱቅ ውስጥ ነው?» አለች። «ሸነን ይሠራል ብለው ምለውለታል። ሸነን የትኛው ሰፈር፣ ከጋራው በላይ ነው ከበታች ብለው ጠይቀውታል?»

«እህቴ፣ የኔ ኃላፊነት ዕቃው ነው። አየሩን እኔ አልሸጥኩላችሁም።» አሁንም ዓይኑ ዋቅጋሪ ላይ ነበር። «ኦቦ ዋቅጋሪ፣ እስኪ አረጋጋት። ሰው ይገባል።»

ዶርቃስ ወደ ባሏ ዞረች። ያኔ አንድ ቃል ብቻ ትጠብቅ ነበር። ዋቅጋሪ ግን አንገቱን አቀርቅሮ ክንዷን ያዘና፣ «በቃ እንሂድ፣ ዶርቃስ፣ የሆነው ሆኗል» አላት።

ክንዷን መነጨቀችው።

አንድ ገበሬ የሚመስል ሰው ባንኮኒው ጫፍ ላይ ያችኑ የመሰለች ዶንግል እያገላበጠ ያይ ነበር። ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ሲመጣ ትጠቅመዋለች ብሎ ከእንጭኒ ድረስ መምጣቱን እነሱ ሲገቡ ለጥሩሰው ሲነግረው ሰምታለች።

«አባቴ፣ ስልክዎ እቤትዎ ውስጥ ይሠራል?» አለችው።

ሰውየው ደነገጠ። «እቤት? ኧረ የለም። ለመደወል ከወንዙ ማዶ ነው የምወጣው።»

«እንግዲያው ይቺም ከወንዙ ማዶ ነው የምትሠራልዎ። የሚሸጥልዎት ሰው ይሄንን አይጠይቅዎትም፤ እኔ ልጠይቅዎት ብዬ ነው።»

ሰውየው ጥሩሰውን አየ፤ እሷን አየ። ዶንግሉን ባንኮኒው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ኮፍያውን አስተካክሎ ወጣ።

የጥሩሰው ፊት ተለዋወጠ። «ውጪልኝ! ሥራዬን ታበላሺያለሽ? ዋቅጋሪ፣ ሚስትህን መግዛት ካቃተህ ሱቄ ድረስ አታምጣት!»

ይሄኔ ዋቅጋሪ ነደደ። ባንኮኒውን በጡጫ መትቶ፣ «ምን አልክ አንተ? እኔን ነው?» እያለ የጥሩሰውን ኮሌታ ያዘ። የባትሪ ካርቶን ወደቀ፤ ከደጅ ሰው ይሰበሰብ ጀመር።

«ልቀቀው» አለች ዶርቃስ።

«ሲሰድበኝ ዝም ልበል?»

«ልቀቀው አልኩህ! አንተን ሲሰድብ ነው እጅህ የተንቀሳቀሰው። እኔን እንደ ሌለሁ ሲያደርገኝ የት ነበርክ? ለስምህ ብለህ የምትጣላውን ጠብ በኔ አታሳብ።»

ዋቅጋሪ ኮሌታውን ለቀቀ። ጥሩሰውም ገንዘቡን አልመለሰም። ዶርቃስ ዶንግሉን ባንኮኒው ላይ ወርውራ፣ «ያዘው፣ አየር ያለው ሰው ሲመጣ ትሸጥለታለህ» አለችውና ወጣች፤ ከመቼ ጀምሮ አንተ እንዳለችው ራሷም አላወቀችም።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ውይይቱ አመለጣት። ከአጥር ማዶ የአዴ አሰፋሽ መስመር እንኳ ተዘርግቷል እንጂ ኢንተርኔቱ ገና አልተለቀቀበትም ነበር። ዶርቃስ ያን ሰዓት ጓሮ ውስጥ እንጨት ስትፈልጥ አሳለፈች፤ ለወር የሚበቃ እንጨት ፈለጠች። ዋቅጋሪ መጥረቢያውን ሊቀበላት መጣ፤ ዓይኗን አይቶ ተመለሰ።

መጥረቢያውን ከአጥር ማዶ የሰማችው አዴ አሰፋሽ በማግስቱ ብቅ አለች። በዕድሜ የገፋች፣ ፊደል ያልቆጠረች፣ ግን ያንን ሁሉ አልጋ ቤት ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት ናት።

«ልጄ፣ ያ ገመድ ያንቺ እንደነበር ሠራተኞቹ ነገሩኝ» አለቻት። «ተራ ሲደርሰኝ ተቀበልኩ እንጂ የማንን እንደነጠቅኩ አላውቅም ነበር።»

«እርስዎ ምን አጠፉ፣ አዴ አሰፋሽ?»

«አላጠፋሁም። ለእንግዶቼ ነው ያስገባሁት፤ እንግዳ ደግሞ በየቀኑ አይመጣም። ከጓሮ ያለችውን የበቆሎ ማስቀመጫ ክፍል ላጽዳልሽ። ገመዱ እዚያም ይደርሳል፤ እዚያ ተማሪ። ቁልፉን አንቺ ያዢው።» ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ ማዶ ዋቅጋሪ እንዲሰማ ይመስላል፣ «ቁልፉን ለማንም አልሰጥም፤ ላንቺ ነው የሰጠሁት» አለች።

ዶርቃስ ያን ቀን አለቀሰች። ስታለቅስም ተናዳ ነበር። በባሏ እጅ የጠፋው ነገር በጎረቤት ቸርነት መመለሱ አንጀቷን አሳረራት። የራሷ መስመር፣ የራሷ ግድግዳ፣ የራሷ ጠረጴዛ ነበር የፈለገችው። ቢሆንም ቁልፉን ተቀበለች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ላፕቶፗን ይዛ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ በቆሎው ክፍል ሄደች። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ጥግ ላይ ጆንያ ተደርድሯል። ግን ገጹ ተከፈተላት። ስሟን ጻፈች፤ መምህሯ ሰላም አሏት፤ ከማታውቃቸው አገሮች ሰዎች መልስ ላኩላት። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትጽፍ መናደዷን እንኳ ረሳች። ለቀረችበት ማክሰኞ ነጥቡ ተቆርጦባታል፤ ያ አይመለስም።

ጨርሳ ስትወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ዋቅጋሪ የእንጨት ወንበር ተሸክሞ ከክፍሉ ደጃፍ ቆሟል፤ ከቤት ያመጣው፣ መደገፊያ ያለው፣ ራሱ የሚቀመጥበት ወንበር ነው።

«ያኛው ወንበር ጀርባሽን ያሳምምሻል ብዬ ነው» አለ። ከዚያ ወንበሩን ሳያወርድ፣ «ዶርቃስ፣ አጥፍቻለሁ። ያጠፋሁት ሱቁ ውስጥ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ በሩ ላይ ነው፣ ሠራተኞቹን ስመልስ። የቤቱ ጌታ ነኝ ያልኳቸው ለአንቺ ብዬ አልነበረም። እንዲህ ማለቱ ራሱ ደስ ስላለኝ ነው ያልኩት። ይቅር በይኝ» አላት።

ዶርቃስ እውነቱን መናገሩን አወቀች፤ መናገሩ እንደከበደውም አወቀች። ንዴቷ ግን ጓዙን ጠቅልሎ አልሄደም፤ እዚያው ነበር።

«ይቅር እልሃለሁ» አለችው። «ዛሬ ግን አይደለም። ዛሬ ገና ተናድጃለሁ።»

«እሺ» አለ።

«ወንበሩን አስገባው። ጆንያዎቹ ጋ ሳይሆን መስኮቱ ጋ።»

አስገባው። እሷ በሩን ቆለፈች፤ ቁልፉን ኪሷ ከታ ከፊቱ ቀድማ ወደ ቤት ሄደች።